አውሮፕላን የማይለየውን ሣር ከካያክ ላይ መመዝገብ

በየሰመሩ አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ እየተመላለሰች ፎቶ ታነሳለች። ሥራው የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ሲያስኬደው ቆይቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፎቶው ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሥር ጠቆር ያለ ነገር ከታየ፣ እዚያ ሣር አለ ተብሎ ካርታ ላይ ይሰመራል። ስፋቱም ይለካል። ምን ዓይነት ሣር እንደሆነ ግን ከዚያ ከፍታ አይለይም። አገር በቀል ነው ወይስ መጤ? አብቧል ወይስ በአልጌ (በዋቅላሚ) ታፍኗል? ይህን የሚያውቀው ቦታው ድረስ ሄዶ እጁን ውሃ ውስጥ የከተተ ሰው ነው።

እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ነኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በሰመር ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት በጎ ፈቃደኞች ጋር በካያክ (በጠባቧ የመቅዘፊያ ጀልባ) እየቀዘፍን፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይና ወደ ቼሳፒክ በሚገቡት ሌሎች ወንዞች ላይ ያለውን የውሃ ውስጥ ሣር እንመዘግባለን። በዲሲ ዙሪያ ምን ያህል ሐበሻ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ወንዙ ላይ ግን የአገሬ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። ብዙዎቻችን ዋና ስለማንችል፣ ካያክ የሀብታም መዝናኛ ስለሚመስለን፣ "የዕፅዋት ሊቅ ካልሆንኩ ምን እሠራለሁ" ስለምንል ይመስለኛል። ሦስቱም አያስቀሩም። እንዴት እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሣሩ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ እምቦጭ ታየ የተባለው በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው፣ ተማሪው፣ የከተማው ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ታናሽ ወንድሜም ከነቀሉት አንዱ ነው። በስልክ "ቅዳሜ የውሃ ሣር ልመዘግብ እሄዳለሁ" ስለው፣ "እታለም፣ እኛ እዚህ ነቅለን መጨረስ አቅቶናል፤ እናንተ ደግሞ እንዲበዛ ትመኛላችሁ?" አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው እናቶችም ይኸንኑ ይጠይቁኛል።

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም ነው። ውሃው ላይ ተነጥፎ ብርሃን ይከለክላል፣ ታች ያለውን ያፍናል። የቼሳፒክ ሣር ሌላ ነው። ሥሩን ደለል ውስጥ ሰዶ፣ ሙሉ ዕድሜውን ውሃ ውስጥ ይኖራል። ውሃውን ኦክስጅን ይሰጠዋል። ሞገዱን ያበርዳል፣ ደለሉን ይዞ ያስቀራል። ሁላችንም የምናውቀው የሜሪላንድ ሰማያዊ ሸርጣን ትንሽ ሳለ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ ቅርፊቱን ጥሎ አዲሱ እስኪጠነክርለት ድረስም መሸሸጊያው ይኸው ሣር ነው። ካንቫስባክ የሚባለው ዳክዬ በብርዱ ወራት መጥቶ ዋይልድ ሰለሪ የተባለውን ሣር ጉንቁል እየቆፈረ ይበላል። በላቲን የተሰጠው ስምም ከዚሁ ሣር ስም የተወሰደ ነው።

የሁለቱ ውሃዎች ሕመም ግን ይዛመዳል። ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ሲገባ ጣና ላይ እምቦጩ ይፋፋል። ቼሳፒክ ላይ አልጌው ይፋፋና ውሃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን ታች አይደርስም፣ ሣሩ ይሞታል። ወንድሜን እንዲህ አልኩት፤ እዚያ ስትነቅሉ እዚህ ስንቆጥር የምንከታተለው ጠላት አንድ ነው።

ሣሩ የውሃው ጤና መለኪያ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውሃቸው ጠርቷል ወይስ አልጠራም የሚለውን ከሚመዝኑባቸው መስፈርቶች አንዱ የሣሩ ስፋት ነው። ለብዙ ዓመታት ተይዞ የቆየው ግብ 185,000 ኤከር ነው፤ ወደ 75,000 ሄክታር ገደማ ማለት ነው። በ2018 ከ100,000 ኤከር በላይ ደርሶ ነበር። ያ ዓመት ዝናቡ የጉድ ነበር። ጎርፉ ደለልና ማዳበሪያ አግዞ ገባ። በ2019 ሣሩ ከ70,000 ኤከር በታች ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቀስ እያለ እያገገመ ነው። አንድ ክፉ የዝናብ ዓመት ስንት ዓመት የተለፋበትን ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ይታያችሁ። በ1972 አግነስ የተባለችው አውሎ ነፋስ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለውን የሰስኮሃና ፍላትስ ሣር ጠርጋው ነበር። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ከቆየ በኋላ ከ2000 ወዲህ ተመልሶ፣ ዛሬ ከባሕረ ሰላጤው ትልልቅ የሣር መስኮች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ካያክ መግዛት አያስፈልግም። ወንዞቹን የሚጠብቁት ማኅበራት ለበጎ ፈቃደኛ ካያክ የሚያውሱበት ጊዜ አለ። ካልሆነም ፖቶማክና አናኮስቲያ ላይ በሰዓት የሚያከራዩ ቦታዎች አሉ። ምርጫ ካገኛችሁ ሰፋ ያለውንና ከላይ ክፍት የሆነውን ውሰዱ። ቀጭኑና ረጅሙ ለፍጥነት ጥሩ ነው፤ እኛ ግን ፍጥነት አንፈልግም። ወደ ጎን ዘንበል ብለን እጃችንን ውሃ ውስጥ እንከታለን፣ ስለዚህ የማይናወጥ ይሻለናል። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ዋና ስለማይችሉ። ሣሩ የሚበቅለው ብርሃን በሚደርስበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር በማይሞላ ውሃ ነው። ሥራችን በሙሉ ዳር ዳሩን ነው። ይህ ማለት ግን ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ሥር ማስቀመጥ ይቻላል ማለት አይደለም። የሜሪላንድ ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጃኬት ጀልባው ላይ እንዲኖር ያዛል፤ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ የግድ መልበስ አለበት። ዋና የማይችል ትልቅ ሰውም ከመነሻው እስከ መመለሻው ይልበስ፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ። ብትገለበጡ ካያኩን አትልቀቁ፤ ይንሳፈፋል። ጥልቀት የለውም ብላችሁ ለመቆምም አትቸኩሉ። ታች ያለው ጭቃ እግር የሚይዝበት ቦታ አለ። የቡድናችን መሪ አዲስ ሰው ሲመጣ ዳር ላይ ሆን ብሎ ተገልብጦ መውጣት ያለማምዳል። እንዲህ የሚያለማምድ ቡድን ፈልጉ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሁለት ነገር ቼክ አድርጉ፤ ነፋሱንና ውሃው የሚሞላና የሚጎድልበትን ሰዓት። ፖቶማክ ወንዝ ቢሆንም እስከ ዲሲ ድረስ ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ይጎድላል። ሣሩ በደንብ የሚታየው ውሃው ሲጎድል ነው። ጠዋት ነፋስ ስለማይኖር ውሃው አይረበሽም፣ ታች ድረስ ይታያል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ ድንገት ይመጣል። ነጎድጓድ ከተሰማ ክርክር የለም፣ ወደ ዳር ነው። ፖላራይዝድ መነጽርም አትርሱ። የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚያጠፋው፣ በዓይን ያልታየ ሣር በመነጽሩ ወለል ብሎ ይታያል።

ዕቃው ቀላል ነው። ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት፣ እርሳስና ውሃ የማያበላሸው ወረቀት፣ ነጭ ሳህን ወይም ክዳን፣ ቴርሞሜትር፣ ሴኪ ዲስክ። ሴኪ ዲስክ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ነገር ነው። ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ለመለካት በገመድ ወደ ታች ትለቁታላችሁ። ከዓይን የተሰወረበትንና ስትስቡት እንደገና የታየበትን ጥልቀት ወስዳችሁ አማካዩን ትመዘግባላችሁ። አንጄሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ በ1865 የሞከረው ዘዴ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። የያዛችሁትን ሁሉ በገመድ ከካያኩ ጋር እሰሩት።

አሁን የሣሩ መለየት። ሁሉንም ዝርያ ሸምድዶ መምጣት አያስፈልግም። አንድ ቦታ የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ ምን እንደሚገኝ የሚወስነው የውሃው ጨው ነው። ወደ ታች፣ ጨዋማው ቨርጂኒያ በኩል፣ ኢልግራስና ዊጀን ግራስ ናቸው። ወደ ላይ ጨው የሌለበት ጋ ዋይልድ ሰለሪ፣ ስታርግራስ፣ ኩንቴይል፣ ሃይድሪላ። የሁለትና የሦስቱን መልክ ጠንቅቃችሁ ካወቃችሁ ለመጀመር ይበቃል።

ለምሳሌ ማሎውስ ቤይን እንውሰድ። ሜሪላንድ፣ ቻርልስ ካውንቲ ውስጥ ፖቶማክ ዳር ያለ ቦታ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ ከመቶ በላይ የእንጨት መርከቦች ቅሪት ተኝቶበታል። በ2019 ብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ቦታ ሆኗል። መርከቦቹ መሀል በካያክ ይገባል። አንዳንዱ ላይ ዛፍ በቅሎበታል፣ ዓሣ አዳኝ አሞራ ጎጆ ሠርቶበታል። ሲጎድል የሚታይ፣ ሲሞላ የሚሰወር የዛገ ብረት ስላለ ቀስ ብሎ መቅዘፍ ይፈልጋል። በቅሪቶቹ ዙሪያ ውሃው ስለሚረጋ ሣሩ ይወፍራል።

እዚያ እጃችሁን ስትከቱ መጀመሪያ የሚነካችሁ ምናልባት ዋይልድ ሰለሪ ነው። ቅጠሉ እንደ ሪባን ጠፍጣፋና ረጅም ነው፣ ከሥር ይነሳል፣ ጫፉ ክብ ይላል። ወደ ብርሃን ስታነሱት መሀሉን ቀለል ያለ መስመር ይሄድበታል። በነሐሴ ከሆነ ሴቴዋን አበባ ፈልጉ። በቀጭን ረጅም ዘንግ እስከ ውሃው ወለል ወጥታ ትንሳፈፋለች። ወንዴዎቹ አበቦች ከታች ተላቀው ወደ ላይ ይመጣሉ፣ በውሃው ላይ እየተንሸራተቱ ይደርሱባታል። አበባዋ ከጸነሰች በኋላ ዘንጉ ይጠመዘዝና ፍሬውን መልሶ ወደ ታች ይጎትተዋል። ያንን ጥምዝ ዘንግ ካያችሁ ዝርያው አያጠራጥርም። ይመዝገብ፤ ሣሩ ዘር እያፈራ ነው ማለት ነውና።

ሃይድሪላ ሌላ ነው። መጤ ነው፤ ፖቶማክ ላይ የተገኘው በ1982 ነው። ግንዱ ረጅም ሆኖ፣ ትንንሽ ቅጠሎች አራትም አምስትም እየሆኑ ዙሪያውን ይከቡታል። አገር በቀሏ ኤሎዲያ ትመስለዋለች፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ቅጠል ናት፣ ጠርዟም ለስላሳ ነው። የሃይድሪላን ቅጠል ከታች ወደ ላይ ወይም ከላይ ወደ ታች በጣታችሁ ብትሄዱበት ጠርዙ ይከረክራል። አንዷን ዘለላ ነጩ ሳህን ላይ በትንሽ ውሃ አንሳፍፋችሁ ብታዩ ቅጠሉ ይዘረጋል፣ መቁጠር ይቀላል። ፎቶውንም እዚያው ሳህኑ ላይ አንሱት። ስለ ሃይድሪላ አንድ ነገር ልጨምር። ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ደንግጦ ነበር፤ ጀልባ አላስኬድ ብሏልና። ግን ውሃውን አጠራ፣ ዓሣና ወፍ መለሰ። ኋላ የዲሲው ብሉ ፕሌንስ የፍሳሽ ማጣሪያ ናይትሮጅኑን እየቀነሰ ሲሄድ አገር በቀሎቹም እየተመለሱ መጡ። "ጥሩ" ወይም "መጥፎ" ብላችሁ ከመዝገቡ አታስወጡት። ያያችሁትን ጻፉ።

ሣሩን አትንቀሉ። ለመለየት ተቆርጦ የሚንሳፈፍ አይጠፋም፣ እሱን አንሱ። ከጠፋ አንድ ጫፍ በጥፍር መቁረጥ ይበቃል። ውሃው ደፍርሶ ታች የማይታይ ከሆነ፣ ገመድ የታሰረበት የሬክ ጭንቅላት አንዴ ወርውሮ መሳብ ይቻላል፤ ይህንን ግን ፈቃድና ሥልጠና ያለው መሪ ሲኖር ብቻ አድርጉት።

ከዝርያው ቀጥሎ ውፍረቱ፣ ማለትም ሣሩ ከቦታው ስንት በመቶውን እንደሸፈነ፣ ይጻፋል። እኛ የምንጠቀመው አውሮፕላኑ የሚጠቀምበትን መደብ ነው፤ ከ10 በመቶ በታች፣ ከ10 እስከ 40፣ ከ40 እስከ 70፣ ከ70 በላይ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው አብዝቶ ይገምታል፣ ዓይን አረንጓዴው ላይ ስለሚያርፍ። መድኃኒቱ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ገምቶ ከዚያ ማስተያየት ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የምነግራችሁ ግን ይህን ነው። ምንም ሣር የሌለበትን ቦታም መዝግቡ። ሰው ሣር ፍለጋ ከወጣ በኋላ ባዶ ቦታ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል። መዝገቡም ሣር ያለበት ብቻ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ባዶ ቦታ ሣር ቢያበቅል፣ አዲስ ይሁን ድሮም የነበረ ማን ያውቃል? ደግሞ በተገላቢጦሹ፣ ዘንድሮ ጠፍቶ እንደሆነስ? "እዚህ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ጥልቀት ላይ ታይቶ፣ ምንም የለም" የሚለው መስመር ዋጋው ከለምለሙ መስክ አያንስም። የመጀመሪያው ሰመሬ ላይ አብረውኝ የሚቀዝፉ አንድ ጡረታ የወጡ አባት፣ ባዶ ዳርቻ ላይ ቆመው በጥንቃቄ ዜሮ ሲጽፉ አይቼ "አባባ፣ እዚህ እኮ ምንም የለም" ስላቸው፣ "እሱን እኮ ነው የምጽፈው፣ ልጄ" አሉኝ። ከአዲስ አበባ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲለኩ የኖሩ ቀያሽ። እሳቸው ያሉበት ቡድን መዝገብ ላይ ክፍተት አይገኝም።

መዝገቡ ካርታ ላይ ገብቶ የሚቀር አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ የተከለለ የሣር ቦታ ላይ በውሃ ግፊት ታች አርሶ ክላም (የሚበላ ባለ ሁለት ቅርፊት የውሃ እንስሳ) ማውጣት ክልክል ነው። ሳይንቲስቶቹም አውሮፕላኑ ያሰመረው ጥላ ምን እንደሆነ የሚያረጋግጡት ከእኛ ነው። ኢልግራስ ሙቀት አይወድም፤ ውሃው ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ይጎዳል። በ2005 ሰመር ታችኛው ቼሳፒክ ላይ ብዙ ሞቷል። በእሱ ቦታ ዊጀን ግራስ ሲገባ ከላይ ሲታይ ጥላው ያው ጥላ ነው። ለውጡን የሚናገረው ከቅርብ ያየ ሰው ነው።

የሚጠነቀቁባቸው ነገሮች። ጨዋማው ክፍል ላይ በሰመር የሚያቃጥል ጄሊፊሽ አለ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ። በሞቃትና ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል፤ ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉን ውሃ በማያስገባ ነገር ይሸፍን ወይም ያን ቀን ይቅር። ከውሃ ስትወጡ ካያኩን፣ መቅዘፊያውን፣ ገመዱን ፈትሹ። የሃይድሪላ ቁራጭ ተጣብቆ ሌላ ወንዝ ከሄደ እዚያ ሥር ይሰዳል። እጠቡት፣ አድርቁት። ሦስት ማዕዘን ቅጠል ያለው፣ ተንሳፋፊ፣ ሾህ ያለው ጠንካራ ፍሬ የሚያፈራ ተክል ካያችሁ ደግሞ ዋተር ቸስትነት ሊሆን ይችላል። ፎቶና ቦታውን ወዲያው ለስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ላኩ። በበርድና በሳሳፍራስ ወንዞች በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው እየነቀሉ ሲከላከሉት ኖረዋል፤ ይህኛው የእምቦጭ ዘመድ ባይሆንም ጠባዩ ያው ነው።

ለመጀመር ቼሳፒክ ቤይ ኤስኤቪ ዋቸርስ የሚለውን ፈልጉ (ኤስኤቪ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ማለት ነው)። ለበጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀው ፕሮግራም እሱ ነው፣ ሥልጠናም አለው። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ፒዩጀት ሳውንድና አካባቢው ላይ በጎ ፈቃደኞች በካያክ እየዞሩ የቡል ኬልፕን ዙሪያ በጂፒኤስ ይቀርጻሉ፤ የኖርዝዌስት ስትሬትስ ኮሚሽን ያስተባብረዋል። ኬልፕ አልጌ እንጂ ሣር አይደለም፣ ውሃውም ሰመርም ቢሆን በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ አለባበሱን ከእነሱ ጠይቁ።

እዚህ ለዲሲና ለሜሪላንድ ሰው የበጎ ፈቃደኞች ምዝገባው በፀደይ ነው የሚሞቀው፣ ሥራው ከሰኔ እስከ መስከረም ይሄዳል። ሥልጠናውን በሚያዝያና በግንቦት ጨርሱት። ቦታ ስትመርጡ ለቤታችሁ የሚቀርበውን፣ በየዓመቱ ልትመለሱበት የምትችሉትን ያዙ፤ አንዴ ተጎብኝቶ ከተተወ ውብ ቦታ ይልቅ በየሰመሩ የሚታይ ተራ ዳርቻ ይጠቅማል። አስተባባሪዎቹን ማንም ያልያዘው የትኛው እንደሆነ ጠይቋቸው። ሁልጊዜ አለ።